ኤፍአርአርን በሊኑክስ ላይ መጫንና መፈተን፦ ሦስት ራውተሮች በአንድ ኮምፒውተር

የሊኑክስ ከርነል ከአንድ ኢንተርፌስ የተቀበለውን ፓኬት በሌላው የማስተላለፍ ችሎታ አለው፤ የሚጎድለው ከጎረቤት ራውተሮች ጋር እየተነጋገረ የትኛው ኔትወርክ በየት በኩል እንደሚገኝ የሚማርና መስመር ሲቆረጥ መንገዱን በራሱ የሚቀይር ክፍል ነው። ይህን ሥራ ከሚሠሩት ነጻ ሶፍትዌሮች መካከል በስፋት የሚታወቀው ኤፍአርራውቲንግ፣ በአጭር ስሙ ኤፍአርአር፣ ነው። የዘር ሐረጉ ኩኒሂሮ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ጀመረው ዜብራ ይደርሳል፤ ከዜብራ ኳጋ ወጣ፤ ከኳጋ ደግሞ ኤፍአርአር ተለይቶ በ2017 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ይፋ ሆነ።

በዚህ መመሪያ ውስጥ መጫኑ ጥቂት ቦታ ብቻ ይይዛል፤ ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለፈተናው ነው። ተለዋዋጭ ራውቲንግ የሚያስፈልገው መስመር ለሚበላሽበት ሰዓት ስለሆነ፣ ፒንግ መልስ መስጠቱ ብቻ ሥራው ለመጠናቀቁ ማስረጃ አይሆንም። ሆን ብለን መስመር ቆርጠን፣ አገልግሎቱ ለስንት ሰከንድ እንደተቋረጠ ለክተን፣ ቁጥሩን ካላወቅን በስተቀር ራውተሩን ሥራ ላይ ማዋል በግምት መሄድ ነው። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እንደሚነበቡ በግእዝ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ በተርሚናሉ ላይ ግን በተለመደው የላቲን ፊደልና በትንንሽ ሆሄያት ይተየባሉ።

የኤፍአርአር አሠራር

ኤፍአርአር አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሳይሆን የብዙ ዴሞኖች (ከጀርባ ሆነው ሁልጊዜ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ስብስብ ነው። ኦኤስፒኤፍዲ የኦኤስፒኤፍን (በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ ራውተሮች መንገድ የሚማማሩበት ፕሮቶኮል)፣ ቢጂፒዲ የቢጂፒን (በተለያዩ ድርጅቶች ኔትወርኮች መካከል የሚሠራው)፣ ቢኤፍዲዲ የቢኤፍዲን (የመስመርን መሞት ቶሎ የሚያውቀው) ሥራ ለየብቻቸው ያከናውናሉ። ሁሉም የተማሩትን መንገድ የሚያቀርቡት ዜብራ ለሚባለው ዴሞን ነው፤ ዜብራ ከቀረቡለት መካከል የተሻለውን መርጦ በከርነሉ የራውቲንግ ሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል። ምርጫው የሚመራው በአስተዳደራዊ ርቀት ነው፦ በቀጥታ የተገናኘ ኔትወርክ 0፣ በእጅ የተጻፈ መንገድ 1፣ ከውጭ የመጣ ቢጂፒ 20፣ ኦኤስፒኤፍ 110፤ አነስተኛው ቁጥር ያሸንፋል። ዋችኤፍአርአር የሚባለው ጠባቂ ደግሞ የሞተ ዴሞን ካገኘ መልሶ ያስነሣዋል። አስተዳዳሪው ሁሉንም በአንድ ቦታ የሚያዘው ቪቲዋይኤስኤች በሚባለው የትእዛዝ መስኮት ሲሆን፣ የሲስኮን ራውተር የሚያውቅ ሰው በዚህ መስኮት ውስጥ ብዙም አይቸገርም።

ይህን ክፍፍል አስቀድሞ መረዳት ችግር ሲያጋጥም ዋጋ አለው። ኦኤስፒኤፍ መንገዱን ያውቀው ይሆናል፣ ዜብራ ግን ሌላ መርጦ ይሆናል፤ ወይም ዜብራ የመረጠውን ከርነሉ አልተቀበለው ይሆናል። ስለዚህ ምርመራው ሁልጊዜ በሦስት ደረጃ ይካሄዳል፦ መጀመሪያ ፕሮቶኮሉ፣ ቀጥሎ ዜብራ፣ በመጨረሻ ከርነሉ።

መጫን

በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ኤፍአርአር በስርጭቱ የራሱ ማከማቻ ውስጥ ስለሚገኝ ሁለት ትእዛዝ ይበቃል፦

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤፍአርአር ኤፍአርአር-ፓይተንቱልስ

ሁለተኛው ፓኬጅ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አገልግሎቱን ሳያቋርጡ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለማስገባት የሚያገለግለው የሪሎድ ትእዛዝ የሚሠራው ይህ ፓኬጅ ካለ ነው፤ ከሌለ ለትንሽ ለውጥ ሁሉ ዴሞኖቹን እንደ አዲስ ማስነሣት ግድ ይሆናል። የስርጭቱ ማከማቻ የሚይዘው እትም አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮጀክቱ የቅርብ እትም ወደ ኋላ የቀረ ነው። ለምሳሌ በዴቢያን 12 ላይ የሚገኘው ከ8.4 ተከታታይ ነው። አዲሱን የግድ የሚፈልግ ሰው የፕሮጀክቱን የራሱን ማከማቻ ሊጨምር ይችላል፤ በእኔ አስተያየት ግን የደኅንነት ማስተካከያ በስርጭቱ በኩል በየጊዜው የሚደርሰው እትም ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው።

ከተጫነ በኋላ «ቪቲዋይኤስኤች» ብለው ይግቡና «ሾው ቨርዥን» በማለት የእትሙን ቁጥር ይመዝግቡ። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ ሰነድ ሲያነቡም ሆነ ሰው ሲጠይቁ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሆናል። ለፈተናው የዋናው ኮምፒውተር ኤፍአርአር መሥራት ስለሌለበት «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ኤፍአርአር» ብለው ያቁሙት።

ሦስቱን ራውተሮች ማቋቋም

ለፈተና ሦስት እውነተኛ ማሽኖች ወይም ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች ማዘጋጀት ይቻላል። የኔትወርክ ኔምስፔስ ግን ከሁሉም የቀለለ ነው፦ አንድ ከርነል ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይተያዩ፣ የየራሳቸው ኢንተርፌስና የራውቲንግ ሠንጠረዥ ያላቸው ክፍሎች ይፈጠራሉ፤ ማህደረ ትውስታው አነስተኛ የሆነ ላፕቶፕም ያለ ችግር ይሸከማቸዋል። አር1፣ አር2 እና አር3 የሚባሉ ሦስት ክፍሎችን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ እናገናኛለን፤ ማለትም እያንዳንዱ ራውተር ከሁለቱም ጋር ቀጥተኛ መስመር ይኖረዋል፣ አንዱ ቢቆረጥም በሌላው በኩል መዞር ይቻላል። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይሠራል፦

ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ አድ አር1
ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ አድ አር2
ሱዶ አይፒ ሊንክ አድ አር1አር2 ታይፕ ቪኢቲኤች ፒር ኔም አር2አር1
ሱዶ አይፒ ሊንክ ሴት አር1አር2 ኔትኤንኤስ አር1
ሱዶ አይፒ ሊንክ ሴት አር2አር1 ኔትኤንኤስ አር2
ሱዶ አይፒ -ኤን አር1 ሊንክ ሴት አር1አር2 አፕ
ሱዶ አይፒ -ኤን አር2 ሊንክ ሴት አር2አር1 አፕ

ቪኢቲኤች የሚባለው ዓይነት ሁልጊዜ በጥንድ የሚፈጠር ምናባዊ ገመድ ነው፤ በአንዱ ጫፍ የገባው በሌላው ይወጣል። የአር1ንና የአር3ን፣ የአር2ንና የአር3ን መስመሮችም በተመሳሳይ መንገድ ይፍጠሩ። የኢንተርፌሱ ስም «ከማን ወደ ማን» የሚለውን እንዲናገር ማድረግ ኋላ ላይ የትኛውን ጫፍ እንደያዙ ከመጠራጠር ያድናል።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ መታለፍ የለባቸውም። አንደኛው፣ አዲስ ኔምስፔስ ሲፈጠር የራሱ የሎፕባክ ኢንተርፌስ፣ ኤልኦ (ከየትኛውም ገመድ ጋር ያልተያያዘው ውስጣዊ ኢንተርፌስ)፣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በሦስቱም ውስጥ «አይፒ -ኤን አር1 ሊንክ ሴት ኤልኦ አፕ» በሚለው ዓይነት ትእዛዝ ያብሩት። ሁለተኛው፣ ፓኬት የማስተላለፍ ፈቃድ በእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚሰጥ ነው፦

ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ አር1 ሲስሲቲኤል -ደብልዩ ኔት.አይፒቪ4.አይፒ_ፎርዋርድ=1

ይህ ፈቃድ 0 ሆኖ ከቀረ የኦኤስፒኤፍ ጎረቤትነት በትክክል ይመሠረታል፣ ሠንጠረዡም ይሞላል፣ ነገር ግን በራውተሩ በኩል ማለፍ ያለበት ፓኬት ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ይጣላል። ራውተሩ ራሱ የሚልከው ፒንግ ስለሚሠራ ስሕተቱ ለረጅም ሰዓት ተደብቆ ይቆያል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ራውተር የራሱ የማዋቀሪያ ማህደር ያስፈልጋል። «/ኢቲሲ/ኤፍአርአር/አር1» የሚል ማህደር ይፍጠሩ፤ ከ«/ኢቲሲ/ኤፍአርአር» ውስጥ «ዴሞንስ» እና «ቪቲዋይኤስኤች.ኮንፍ» የሚባሉትን ፋይሎች ወደዚያ ይቅዱ፤ «ኤፍአርአር.ኮንፍ» የሚል ባዶ ፋይልም ይጨምሩ። የማህደሩና የፋይሎቹ ባለቤት ኤፍአርአር የሚባለው ተጠቃሚና ቡድን መሆን አለበት፤ ባለቤትነቱን በ«ቻውን» ካላስተካከሉ ዴሞኖቹ ማዋቀሪያውን ማንበብም ሆነ ማስቀመጥ አይችሉም። «ዴሞንስ» የሚለውን ፋይል ከፍተው የኦኤስፒኤፍዲን እና የቢኤፍዲዲን መስመሮች ከ«ኖ» ወደ «የስ» ይቀይሩ፤ «ዋችኤፍአርአር_ኦፕሽንስ» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ «--ኔትኤንኤስ» የሚለውን ዋጋ ያስገቡ። ለአር2 እና ለአር3 ይህንኑ ይድገሙና ሦስቱን ያስነሡ፦

ሱዶ /ዩኤስአር/ሊብ/ኤፍአርአር/ኤፍአርአርኢኒት.ኤስኤች ስታርት አር1

ወደ አር1 ለመግባት «ሱዶ ቪቲዋይኤስኤች -ኤን አር1» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ሰረዙን የሚከተለው ፊደል በትልቁ ሆሄ ይተየባል። ከላይ በአይፒ ትእዛዝ ላይ የነበረው ግን በትንሹ ነው።

ኦኤስፒኤፍን ማዋቀር

አድራሻዎቹን በሥርዓት መስጠት ከፈተናው ግማሹን ያቀላል። በአር1ና በአር2 መካከል 10.0.12.0/24፣ በአር1ና በአር3 መካከል 10.0.13.0/24፣ በአር2ና በአር3 መካከል 10.0.23.0/24 እንጠቀማለን፤ የመጨረሻው ቁጥር የራውተሩ ቁጥር ይሆናል። ለየሎፕባኩ ደግሞ 10.255.0.1/32፣ 10.255.0.2/32 እና 10.255.0.3/32 እንሰጣለን። በአር1 ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፤ በአር2 እና በአር3 ላይም በየራሳቸው የኢንተርፌስ ስምና አድራሻ ይድገሙት፦

ኮንፊገር ተርሚናል
ኢንተርፌስ ኤልኦ
አይፒ አድሬስ 10.255.0.1/32
አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኤሪያ 0
ኢንተርፌስ አር1አር2
አይፒ አድሬስ 10.0.12.1/24
አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኤሪያ 0
አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ ፖይንት-ቱ-ፖይንት
ኢንተርፌስ አር1አር3
አይፒ አድሬስ 10.0.13.1/24
አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኤሪያ 0
አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ ፖይንት-ቱ-ፖይንት
ራውተር ኦኤስፒኤፍ
ኦኤስፒኤፍ ራውተር-አይዲ 10.255.0.1
ኦቶ-ኮስት ሪፈረንስ-ባንድዊድዝ 100000
ኤንድ
ራይት ሜሞሪ

«ፖይንት-ቱ-ፖይንት» የሚለው መስመር በሁለት ራውተሮች መካከል ብቻ ለተዘረጋ መስመር ተገቢ ነው። ካልተጻፈ ኦኤስፒኤፍ መስመሩን ብዙ ራውተሮች የሚጋሩት ኔትወርክ አድርጎ ስለሚቆጥረው ተወካይ ራውተር ለመምረጥ 40 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ለሁለት ራውተሮች ደግሞ ተወካይ አያስፈልጋቸውም። የባንድዊድዝ ማጣቀሻው ሳይነካ ከቀረ መነሻው 100 ሜጋቢት በሰከንድ ስለሆነ፣ ባለ 100 ሜጋቢት፣ ባለ 1 ጊጋቢትና ባለ 10 ጊጋቢት መስመሮች ሁሉ እኩል ወጪ (ኦኤስፒኤፍ መንገዶችን የሚያወዳድርበት ቁጥር) 1 ይሰጣቸዋል፤ ያኔ ራውተሩ ፈጣኑን ከቀርፋፋው መለየት ያቅተዋል። ይህ ዋጋ በሁሉም ራውተሮች ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የራውተር መለያውም በእጅ ይጻፍ፤ ሁለት ራውተሮች አንድ መለያ ሲይዙ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ምልክቱ ከምክንያቱ የራቀ ስለሆነ ለማግኘት አድካሚ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ

በአር1 ላይ «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር» ሲሉ ሁለት ጎረቤቶች መታየት፣ የሁለቱም ሁኔታ «ፉል» መሆን አለበት። ከዚያ «ሾው አይፒ ራውት ኦኤስፒኤፍ» ይበሉ። ከመስመሩ ፊት የሚታየው «>» ምልክት ዜብራ መንገዱን መምረጡን፣ «*» ደግሞ መንገዱ ወደ ከርነሉ መግባቱን ያሳያል። 10.0.23.0/24 ላይ ሲደርሱ ትኩር ብለው ይመልከቱ፦ በ10.0.12.2 እና በ10.0.13.3 በኩል ሁለት መንገዶች በእኩል ወጪ አብረው ይታያሉ። ይህ ስሕተት አይደለም፤ አር1 ወደዚያ ኔትወርክ የሚሄደውን ትራፊክ ለሁለቱ ሊያካፍል ይችላል ማለት ነው። በመጨረሻ «ሱዶ አይፒ -ኤን አር1 ራውት» በማለት ከርነሉ ራሱ ምን እንደያዘ ያረጋግጡ፤ በመስመሮቹ ላይ «ፕሮቶ ኦኤስፒኤፍ» የሚል ጽሑፍ ይኖራል።

ጎረቤት ጭራሽ ካልታየ በእውነተኛ ሰርቨር ላይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፋየርዎል ነው። ኦኤስፒኤፍ ቲሲፒንም ዩዲፒንም አይጠቀምም፤ የራሱ የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥር 89 አለው፣ የሰላምታ መልእክቱንም ወደ 224.0.0.5 ይልካል። ስለዚህ በፋየርዎሉ ላይ የፖርት ቁጥር ፈልጎ መክፈት ዋጋ የለውም፤ ፕሮቶኮሉ ራሱ መፈቀድ አለበት። ጎረቤቱ ታይቶ «ኤክስስታርት» ላይ ተገትሮ ከቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ጫፎች ኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) አይመሳሰልም። ይህን በዓይንዎ ለማየት የአር1አር2ን ኤምቲዩ ከ1500 ወደ 1400 ዝቅ ያድርጉና ጎረቤትነቱ እንደ አዲስ እንዲጀመር ኢንተርፌሱን አጥፍተው ያብሩት። ትንንሽ የሰላምታ መልእክቶች ስለሚያልፉ ሁለቱ ይተዋወቃሉ፣ የመረጃ ቋታቸውን ለመለዋወጥ ሲሞክሩ ግን አንዱ የሌላውን ኤምቲዩ አይቶ መልእክቱን ይጥላል። በተነል ወይም በቪፒኤን በኩል ራውተሮችን የሚያገናኝ ሰው ይህን ምስል አስቀድሞ ቢያውቀው ብዙ ሰዓት ይቆጥባል።

መስመር መቁረጥ

በአንድ ተርሚናል ላይ ከአር1 ወደ አር3 ሎፕባክ በሰከንድ አምስት ጊዜ ፒንግ ይላኩ፦

ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ አር1 ፒንግ -አይ 0.2 10.255.0.3

በሌላ ተርሚናል «ሱዶ አይፒ -ኤን አር3 ሊንክ ሴት አር3አር1 ዳውን» ይበሉ። የቪኢቲኤች አንዱ ጫፍ ሲጠፋ ሌላው ጫፍ ሲግናል ማጣቱን ወዲያውኑ ስለሚያውቅ ኦኤስፒኤፍ ምንም ሳይጠብቅ በአር2 በኩል ይዞራል፤ ከፒንጉ ምናልባት ጥቂት ቢጠፋ ነው። ትሬስራውት ቢያሠሩ ቀድሞ አንድ እርምጃ የነበረው መንገድ አሁን ሁለት ሆኖ ያዩታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ረክቶ ፈተናውን ያቆማል። ማቆም ግን አይገባም፤ በተግባር የሚያጋጥመው ብልሽት ብዙ ጊዜ እንዲህ ግልጽ አይደለም። በሁለቱ ራውተሮች መካከል ስዊች ወይም የሬዲዮ መሣሪያ ካለ መስመሩ መሐል ላይ ሲሞት የሁለቱም ራውተሮች ኢንተርፌስ መብራቱ እንደበራ ይቆያል፤ ፓኬቱ ግን አይደርስም።

ይህን ዓይነቱን ዝምተኛ ብልሽት ለመፍጠር መስመሩን መልሰው ያብሩ፤ ጎረቤትነቱ «ፉል» እስኪሆን ይጠብቁና የትራፊክ መቆጣጠሪያውን በመጠቀም ፓኬቱን ሁሉ ያስጥሉ፦

ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ አር1 ቲሲ ኪውዲስክ አድ ዴቭ አር1አር3 ሩት ኔትኤም ሎስ 100%

አሁን ፒንጉን ይመልከቱ። ጸጥ ይላል፤ እንደ ቀድሞው ቶሎ አይመለስም። ኦኤስፒኤፍ በየ10 ሰከንዱ ሰላምታ ይልካል፣ ጎረቤቱ ሞቷል ብሎ የሚደመድመው ግን 40 ሰከንድ ሙሉ ድምፁ ሲጠፋ ብቻ ነው። የመጨረሻው ሰላምታ ከብልሽቱ በፊት መቼ እንደ ደረሰ ስለሚለያይ መቋረጡ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይደርሳል። ርዝመቱን ለመለካት ሰዓት መያዝ አያስፈልግም፤ የፒንጉ ተራ ቁጥር ይናገራል። ለምሳሌ የመጨረሻው መልስ ቁጥር 57፣ ቀጣዩ 232 ቢሆን መሐል ላይ 174 መልሶች ጠፍተዋል፤ እያንዳንዱ 0.2 ሰከንድ ስለሆነ መቋረጡ ወደ 35 ሰከንድ ገደማ ነው። በስልክ የሚነጋገር ሰው በዚህ ሁሉ ጊዜ መሐል ይዘጋዋል።

መፍትሔው ቢኤፍዲ ነው። ቢኤፍዲ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ትንንሽ መልእክቶችን ቶሎ ቶሎ እየላከ መስመሩ በሕይወት መኖሩን ብቻ የሚከታተል ፕሮቶኮል ነው፤ በኤፍአርአር መነሻ ዋጋው በየ300 ሚሊሰከንዱ ይልካል፣ ሦስት ተከታታይ መልእክት ሲጠፋ ለኦኤስፒኤፍ ይናገራል። የቲሲውን ትእዛዝ «አድ» የሚለውን በ«ዴል» ተክተው፣ ከ«ሩት» በኋላ ያለውንም ትተው መስመሩን ያድኑ፤ ከዚያ በሁለቱም ጫፎች ኢንተርፌስ ሥር «አይፒ ኦኤስፒኤፍ ቢኤፍዲ» ብለው ይጻፉ። «ሾው ቢኤፍዲ ፒርስ» ሲሉ ሁኔታው «አፕ» መሆኑን አይተው ዝምተኛውን ብልሽት ይድገሙት። መቋረጡ ከ35 ሰከንድ ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ይወርዳል። ይህን ለውጥ በራሱ ተርሚናል ላይ ያየ ሰው ቢኤፍዲን ያለ ክርክር ይቀበለዋል።

ይሁንና 900 ሚሊሰከንድ ለሁሉም መስመር አይስማማም። ዝናብ ወይም መጨናነቅ ለአንድ አፍታ ፓኬት የሚያስጥለው የሬዲዮ መስመር ላይ ጎረቤትነቱ እየወደቀ እየተነሣ ኔትወርኩን ሁሉ ሊበጠብጥ ይችላል። እዚያ ክፍተቱን ማስረዘም ይሻላል፤ ምን ያህል እንደሚረዝም ለመወሰን ኪሳራውን ከ100% ይልቅ 5% ወይም 10% አድርገው ቢኤፍዲ ሳይወድቅ መቆየቱን ይፈትኑ።

ዴሞን ሲሞት

ኦኤስፒኤፍዲ በድንገት ቢሞት ምን እንደሚሆንም መታየት አለበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ኔምስፔሶቹ የለዩት ኔትወርኩን ብቻ ስለሆነ ዴሞኑን በስሙ ጠርቶ መግደል የሦስቱንም ራውተሮች ኦኤስፒኤፍዲ ይገድላል። የአር1ን ብቻ ለማግኘት በ«/ቫር/ረን/ኤፍአርአር/አር1» ውስጥ ያለውን የ«ኦኤስፒኤፍዲ.ፒአይዲ» ፋይል ቁጥር ይውሰዱና «ኪል -9» ይበሉበት። ዜብራ ግንኙነቱ መቋረጡን ሲያይ የኦኤስፒኤፍን መንገዶች ያነሣል፣ ዋችኤፍአርአር ዴሞኑን መልሶ ያስነሣል፣ ጎረቤትነቱም እንደገና ይመሠረታል። ከተመለሰ በኋላ አንዳንድ ቅንብር ከጎደለ «ራይት ሜሞሪ» አልተባለም ማለት ነው፤ ይህ በሌሊት ኃይል ጠፍቶ ሲመጣ ከመታወቁ በፊት እዚህ ቢታወቅ ይሻላል።

ቢጂፒ የሚጨምር ሰው

ከአገልግሎት ሰጪ ጋር በቢጂፒ የሚገናኝ ሰው ከ64512 እስከ 65534 ባለው የግል የኤኤስ ቁጥር (ቢጂፒ እያንዳንዱን ድርጅት የሚለይበት ቁጥር) አራተኛ ኔምስፔስ አዘጋጅቶ በዚሁ ላቦራቶሪ መፈተን ይችላል። በ«ዴሞንስ» ፋይል ቢጂፒዲን ያብሩ፤ ፋየርዎል ካለ የቲሲፒ ፖርት 179 ይከፈት። ከኤፍአርአር 7.4 ጀምሮ የውጭ ጎረቤት የመግቢያና የመውጫ ማጣሪያ ካልተጻፈለት ክፍለ ጊዜው ይመሠረታል እንጂ አንድም መንገድ አይለዋወጥም፤ «ሾው አይፒ ቢጂፒ ሰመሪ» ሲባል በቁጥሩ ቦታ «ፖሊሲ» የሚል ቃል በቅንፍ ይታያል። ይህን ግዴታ በአንድ መስመር ማጥፋት ይቻላል፣ ብዙ ምሳሌዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። እኔ አልመክርም። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት የፈጠረው 208.65.153.0/24 የሚል መንገድ ወደ ውጭ አፈትልኮ፣ ከላይ ያለው አገልግሎት ሰጪም ሳያጣራ ተቀብሎ በማሠራጨቱ ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የራስዎን አድራሻ ብቻ የሚያስወጣ ፕሪፊክስ-ሊስት (የተፈቀዱ አድራሻዎች ዝርዝር) ጽፈው በራውት-ማፕ (ዝርዝሩን በሚተገብረው ሕግ) ከጎረቤቱ ጋር ያያይዙት። ፈተናውም ተገላቢጦሽ ይሁን፦ በአር1 ላይ የእርስዎ ያልሆነ አድራሻ ሆን ብለው ያስተዋውቁና በአራተኛው ራውተር ሠንጠረዥ ላይ አለመድረሱን ያረጋግጡ።

ወደ ሰርቨሩ መውሰድ

የተፈተነው ማዋቀሪያ «/ኢቲሲ/ኤፍአርአር/አር1/ኤፍአርአር.ኮንፍ» ውስጥ ስለሚገኝ የኢንተርፌሶቹን ስምና አድራሻዎቹን ብቻ ለውጦ ወደ እውነተኛው ሰርቨር መቅዳት ይቻላል። በሰርቨሩ ላይ የማስተላለፍ ፈቃዱ ከዳግም ማስነሻ በኋላም እንዲቆይ በ«/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ» ውስጥ በፋይል ይጻፍ፤ ኤፍአርአርም ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሣ «ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ኤፍአርአር» ይባል። ዶከር የተጫነበት ሰርቨር ከሆነ የፋየርዎሉን የፎርዋርድ ሕግ ይመልከቱ፤ ዶከር መነሻውን ወደ መጣል ሊቀይረው ስለሚችል ራውተሩ ሳይታሰብ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ከዚያ ማሽኑን እንደ አዲስ አስነሥተው የጎረቤቱን፣ የዜብራንና የከርነሉን ምርመራ በቅደም ተከተል ይድገሙ። ላቦራቶሪውን ለማፍረስ ደግሞ ሦስቱን በኤፍአርአርኢኒት «ስቶፕ» አቁመው «አይፒ ኔትኤንኤስ ዴል» በማለት ኔምስፔሶቹን ያጥፉ፤ ገመዶቹም አብረዋቸው ይጠፋሉ። በ«/ኢቲሲ/ኤፍአርአር» ሥር ያሉት ሦስት ማህደሮች ግን ስለሚቀሩ ለቀጣዩ ፈተና ሊያቆዩዋቸው ይችላሉ።